የሚዳቋዋ መንደርና የጠላቂው ዕዳ



ከአል ማቃም ተነስታችሁ በእረፍት ቀናችሁ አቡ ዳቢ የወረዳችሁ ሁሉ ኮርኒሹን ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ ፎቅ የቆመበት ቦታ የዛሬ ሰባ ዓመት የዘንባባ ጎጆዎች የተደረደሩበት የባህር ዳር መንደር ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ? ዛሬ የዚህችን መንደር ታሪክ እናወጋችኋለን። ውስጡ የሠራተኛና የዕዳ ታሪክ ስላለበት እኛንም ይመለከተናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ውሃ የወለዳት መንደር

አቡ ዳቢ ደሴት ናት። ከዋናው ምድር የሚለያት ቀጭን የባህር መስመር ሲሆን፣ ዛሬ በመኪና ሽው ብለን የምናልፈው የመቅታ ድልድይ የተሠራው በ1968 ነው። ድሮ ሰውም ግመልም ውሃው እስኪጎድል ጠብቆ በእግሩ ይሻገር ነበር።

የአገሬው ሰዎች እንደሚያወሩት፣ አዳኞች አንዲት ሚዳቋ ተከትለው ደሴቲቱ ላይ ሲደርሱ የሚጠጣ ውሃ አገኙ። «አቡ ዳቢ» የሚለው ስምም በአማርኛ «የሚዳቋ አባት» እንደማለት ነው። በ1761 አካባቢ የበኒ ያስ ጎሣ ሰዎች ከሊዋ በረሃ መጥተው እዚያ ሰፈሩ። ጉድጓዱን የሚጠብቅ አንድ ማማ ሠሩ። ያ ማማ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ቀስር አል ሆስን የምንለው ነጩ ምሽግ ሆነ። ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሼኩ ራሳቸው መኖሪያቸውን ከሊዋ ወደዚያ አዛወሩ።

አፈሩ አሸዋና ጨው ስለሆነ እህል አያበቅልም። መንደሯ የኖረችው በሁለት ነገር ነው፦ በዓሣና በዕንቁ። ሉሉ የገበያ አዳራሽ ገብታችሁ ስትገዙ ስሙን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? «ሉሉ» በዐረብኛ ከባህር የሚወጣው ዕንቁ ነው፤ እኛም «ሉል» እንለዋለን።

አል አይንስ?

እኛ ያለንበት አል አይን የመንደሯ ጎተራ ነበረች። በሙቀቱ ወራት ወንዶቹ ባህር ሲወርዱ፣ ከቀሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በግመል ተጭነው ወደዚህና ወደ ሊዋ ይመጣሉ፤ ጥላውም ቴምሩም እዚህ ነው። አሁን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውና በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጀው መንገድ ያኔ ብዙ ቀን ይወስድ ነበር። የአል አይንን ቴምር የሚያጠጣው ፈለጅ የሚባለው ከመሬት በታች የተቆፈረ ቦይ ነው፤ ከግዕዙ «ፈለግ» ጋር ዘመድ የሆነ ቃል ነው። በዚህ አካባቢ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ፈለጅ ተገኝቷል።

የናኾዳው መዝገብ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአቡ ዳቢ 400 የሚሆኑ ጀልባዎች ለዕንቁ ይወጡ ነበር። ወቅቱ ከግንቦት መጨረሻ ወይም ከሰኔ ጀምሮ አራት ወር ያህል ነው። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፣ አንገቱ ላይ ቅርጫት ያንጠለጥላል፤ ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ይወርዳል። ላይ የቀረው ጓደኛው ገመዱን ይዞ ይጠብቃል፤ ገመዱ ሲነቀነቅ ይጎትተዋል። እንዲህ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል። ቀን ሆዱ እንዳይከብደው ብዙም አይበላም።

ደመወዝ የሚባል አልነበረም። ናኾዳው፣ ማለትም የጀልባው አለቃ፣ ከመነሻው በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆን ብድር ይሰጠዋል። ወቅቱ ሲያልቅ ዕንቁው ተሸጦ ወጪው ይቀነሳል፤ የተረፈው ይከፋፈላል፤ ከድርሻው ላይ ብድሩ ይነሳል። ዓመቱ ካልቀና ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ሂሳቡን የሚጽፈው ናኾዳው ነው፤ ጠላቂው አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አይችልም። ዕዳ ያለበት ሰው ወደ ሌላ ናኾዳ ለመሄድ ከአለቃው ወረቀት ያስፈልገዋል። ከሞተም ዕዳው ለልጁ ወይም ለወንድሙ ይተርፍ ነበር።

ከጠላቂዎቹ መካከል በባርነት የመጡ አፍሪካውያንም ነበሩ። እነሱ የሚያገኙትን ድርሻ ጌታቸው ይወስደዋል። ከኛም አገር በታጁራና በምጽዋ በኩል ቀይ ባህርን እየተሻገሩ ወደ ዐረብ አገር የተሸጡ ወገኖች ብዙ ናቸው። ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ የለንም። ግን ሐበሻ ወደዚህ ምድር የመጣው ኢቃማ ይዞ ከኛ እንዳልጀመረ እናውቃለን።

በባህሬን፣ በ1920ዎቹ፣ እያንዳንዱ ጠላቂ የብድሩ ሂሳብ የተጻፈበት የራሱ ደብተር እንዲኖረው ተደነገገ። ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም፤ በ1932 እዚያው ባህሬን ጠላቂዎቹ በብድራቸው ምክንያት ለአመጽ ወጥተዋል።

ሉል ሲረክስ

ከዚያ ጃፓኖች ዕንቁን በእርባታ ማምረት ቻሉ። ገበያው በርካሽ ዕንቁ ተጥለቀለቀ። በ1929 ደግሞ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1930ዎቹ መንደሯ ተራበች፤ ብዙ ሰው ጥሏት ተሰደደ። አዎ፣ ዛሬ እኛ እንጀራ ፍለጋ የመጣንበት አገር ሰው ያኔ እንጀራ ፍለጋ ወደ ጎረቤት አገር ይሄድ ነበር።

ነዳጅ የተገኘው በ1958 ነው፤ መጀመሪያ ወደ ውጭ የተላከው በ1962። ከ1946 ጀምሮ አል አይንን ያስተዳድሩና ፈለጆቿን ያሳድሱ የነበሩት ሼክ ዛይድ በ1966 የአቡ ዳቢ ገዥ ሆኑ። በ1971 ኤምሬቶቹ ተባበሩ። የቀረውን በዓይናችሁ እያያችሁት ነው።

ለኛ ምን ይነግረናል?

ጠላቂውን የጎዳው ባህሩ ብቻ አልነበረም፤ ሂሳቡ በሌላ ሰው እጅ መሆኑም ጭምር ነው። ከመካከላችን ለደላላ ተበድሮ የመጣ፣ የመጀመሪያ ወራት ደመወዙን ለዕዳ የገፈገፈ ስንቱ ነው? «ስንት ቀረብሽ?» ስትባል «እነሱ ያውቃሉ» የምትል እህት ዛሬም አለች።

በዚህ ረገድ ዘመኑ ለኛ ይሻላል። የ2021ዱ የሠራተኛ ሕግም ሆነ የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ የቅጥር ወጪ ከሠራተኛ ላይ እንዳይወሰድ ይከለክላሉ፤ ፓስፖርትም የባለቤቱ ነው። ሕጉ የሚረዳው ግን ማስረጃ ላለው ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ደብተር ግዙ። የገባችሁበትን ቀን፣ የተከፈላችሁትን፣ የቀረባችሁን፣ ለማን ስንት እንደላካችሁ ጻፉ። ኮንትራቱን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። መጻፍ የሚቸግራችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ ከኮሚቴው አንዱን ጠይቁ፤ አብረን እንጽፋለን።

ጠላቂው ባህር ሲወርድ ላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት ጓደኛ ነበረው። እቁባችንም እድራችንም ይኸው ገመድ ነው። ሲከብዳችሁ ነቅንቁት፤ እኛ ላይ አለን።