የሽሮዲንገር ቀመር በሽቦ ላይ

የኃይል ማስተላለፊያ መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሙያ የጋብሪኤል ክሮን ስም እንግዳ አይደለም። ሰፊ የኤሌክትሪክ መረብ ስናሰላ ብዙዎቹን መገናኛ ነጥቦች አስወግደን ጥቂቶቹን የምናስቀርበት ዘዴ በስሙ ይጠራል። ይኸው ሰው የኳንተም ፊዚክስን ቀመር በሽቦ ለመሥራት የተነሳ መሆኑን ግን የሚነግረን አስተማሪ አልነበረም፤ ሊታወቅለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ክሮን እ.ኤ.አ. በ1901 በሃንጋሪ ተወልዶ፣ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ስኬነክታዲ ከተማ በሚገኘው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራ። ኮምፒውተር ባልነበረበት በዚያ ዘመን መሐንዲሶች የአገር መረብ የሚያጠኑት በአምሳያ ነበር። ክፍል በሚሞላ ሰሌዳ ላይ ሬዚስተር፣ ኢንዳክተርና ካፓሲተር ይደረደራል፤ ረጅሙ የማስተላለፊያ መስመር በጥቂት ዕቃዎች ይወከላል፤ ውጤቱ ከቮልቴጅ መለኪያ ላይ ይነበባል። ስሌቱን የሚሠራው ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው።

በ1945 ክሮን በፊዚካል ሪቪው መጽሔት ላይ ያሳየው ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። የጥቃቅን ቅንጣቶችን ማዕበል የሚገልጸውን የሽሮዲንገርን ቀመር በቦታ ከፋፍለን ብንጽፈው የምናውቀው የሰርኪዩት ቀመር ሆኖ ይገኛል። በሰርኪዩቱ ላይ እያንዳንዱ መገናኛ አንድ የቦታ ነጥብ ነው፤ የዚያ ነጥብ ቮልቴጅ የማዕበሉ መጠን ነው። ነጥብን ከነጥብ የሚያያይዙት ዕቃዎች የእንቅስቃሴን ኢነርጂ፣ ወደ መሬት የሚወርዱት ደግሞ ቀሪውን ይወክላሉ። ፍሪኩዌንሲውን ወይም ካፓሲተሮቹን ቀስ በቀስ ሲለዋውጡ ሰርኪዩቱን ከሚመግበው ጄኔሬተር የሚሳበው ጅረት ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ይመጣል። ያ ቅንጣቷ እንድትይዝ የተፈቀደላት የኢነርጂ ደረጃ ነው! ክሮን ከባልደረባው ካርተር ጋር ሆኖ ነገሩን በዚያው የመረብ ሰሌዳ ላይ ፈተነው፤ በግድግዳዎች መሀል የታፈነች ቅንጣትም ከፈተኗቸው አንዷ ነበረች።

ችግሩ የመገናኛዎቹ ብዛት ነው። በአንድ መስመር ላይ የምትሄድ አንዲት ቅንጣት 100 መገናኛ ቢበቃት፣ የቦታዎቻቸው ጥምር ሁሉ የራሱን መገናኛ ስለሚጠይቅ ሁለት ቅንጣቶች 10,000፣ ሦስት 1,000,000 ይፈልጋሉ። በ1981 የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ኤምአይቲ ላይ ያነሳው ይህንኑ እንቅፋት ነው፤ መፍትሔውም የሚያሰላውን ማሽን ራሱን ከኳንተም ዕቃ መሥራት፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር ነው አለ።

ሽቦው ግን አልተተወም። የኳንተም ኮምፒውተርን ሥራ በዲጂታል ቺፕ ለማስመሰል የሞከሩ አሉ። ለእኔ ሙያ የሚቀርበው በ2015 ብራያን ላ ኩርና ግራንቪል ኦት ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ሥራ ነው። የኪዩቢቶችን፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃዶችን፣ ሁኔታ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ በሚወዛወዙ ሲግናሎች ይወክላሉ፤ ማባዣ፣ መደመሪያና ማጣሪያ ሰርኪዩቶች በኪዩቢቶች ላይ ስሌት የሚፈጽሙትን የኳንተም በሮች ሥራ ይሠራሉ። እንደ ብዙ የኳንተም ኮምፒውተሮች ወደ ፍጹም ዜሮ የሚጠጋ ቅዝቃዜ አያስፈልግም፤ ሲግናሉን ሳያጠፉ መለካት ይቻላል። ሆኖም አንድ ኪዩቢት በተጨመረ ቁጥር የፍሪኩዌንሲው ብዛት እጥፍ ይሆናል፤ ለ20 ኪዩቢት 1,048,576 ይደርሳል። ፋይንማን ያየው ግድግዳ እዚህም ቆሟል።

ይህን ሥራ «ማስመሰል ነው» ብለው የሚያቃልሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ትልቁን የኳንተም ኮምፒውተር አይተካም፤ በትንሹ ልክ ግን ያንኑ ቀመር ይታዘዛል፤ ተማሪም በእጁ ሊነካው ይችላል። የኤሌክትሮኒክስ መምህራን ሆይ፣ ኢንዳክተር፣ ካፓሲተር፣ ሲግናል ጄኔሬተርና ኦሲሎስኮፕ ካላችሁ የክሮንን ሰርኪዩት ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሥሩት።