ዘጠኝ ጊዜ ተጠይቆ ያልተያዘው ነፍሰ ገዳይና ስለ እርሱ የተጻፉ መጻሕፍት

እውነተኛ ወንጀልን የሚተርኩ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሆነዋል። በተከታታይ ሰው ስለገደሉ ወንጀለኞች የተጻፉት በተለይ ብዙ አንባቢ አላቸው። አብዛኞቹ የገዳዩን ጠባይና አስተዳደግ ይመረምራሉ፤ የተሻሉት ግን «ይህ ሰው ያን ያህል ጊዜ ሳይያዝ እንዴት ቆየ?» ብለው ይጠይቃሉ። በሰሜን እንግሊዝ የተፈጸመው የፒተር ሳትክሊፍ ወንጀል ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳትክሊፍ በብራድፎርድ ከተማ የሚኖር ባለትዳርና የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነበር። ከ1975 እስከ 1980 ባለው ጊዜ 13 ሴቶችን ገድሏል፤ በሌሎች 7 ሴቶች ላይም የመግደል ሙከራ በማድረግ ጥፋተኛ ተብሏል። በእነዚያ ዓመታት ፖሊስ 9 ጊዜ አነጋግሮ ለቆታል። በጃንዋሪ 1981 ሼፊልድ ውስጥ የተያዘውም የመኪናው ታርጋ ሐሰተኛ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ከያዙት ፖሊሶች አንዱ፣ ሰውየው ሽንት ቤት አስፈልጎኛል ብሎ ዘወር ያለበትን ቦታ በማግስቱ አስታውሶ ተመልሶ ቢፈትሽ መዶሻና ቢላዋ አገኘ።

ጋዜጠኛው ማይክል ቢልተን በ2003 ያሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የምርመራውን ሂደት ደረጃ በደረጃ ይተርካል። በ1977 ማንቸስተር ውስጥ ከተገደለች ሴት ቦርሳ አዲስ የ5 ፓውንድ ኖት ተገኝቶ ነበር። ኖቱ በብራድፎርድ አካባቢ ለሠራተኞች ደመወዝ ከተከፈለ ገንዘብ መካከል መሆኑ ስለታወቀ ፖሊስ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን አነጋገረ። ሳትክሊፍ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ቤቴ ነበርሁ አለ፣ ቤተሰቡም ቃሉን ደገፈለት፣ ታለፈ።

ሊድስ የነበረው የምርመራ ማዕከል መረጃ የሚይዘው በወረቀት ካርድ ነበር። ወረቀቱ ከመብዛቱ የተነሣ የክፍሉን ወለል ማጠናከር አስፈልጓል። የአንድ ሰው ስም በተለያዩ ካርዶች ተበታትኖ ስለሚቀመጥ አንዱ መርማሪ የጻፈውን ሌላው ሳያየው ተጠርጣሪውን ሊጠይቅ ይሄድ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ከድምፅ የመጣ ነው። ከ1978 ጀምሮ ገዳዩ እኔ ነኝ የሚሉ ደብዳቤዎች ተላኩ፤ በጁን 1979 ደግሞ በካሴት የተቀዳ ድምፅ ደረሰ። ተናጋሪው የሰንደርላንድ አካባቢ ዘዬ ነበረው። የምርመራው ኃላፊዎች አመኑት፤ ድምፁን በሬዲዮና በቴሌቪዥን አሰሙት፤ በዚያ ዘዬ የማይናገር ሰው ከጥርጣሬ ወጣ። በዚያው ዓመት ሳትክሊፍን ያነጋገረ አንድ ወጣት ፖሊስ ጥርጣሬውን በሪፖርት ቢያቀርብም ሰሚ አላገኘም። ካሴቱ ከደረሰ በኋላ 3 ሴቶች ተገድለዋል። የካሴቱ ላኪ ከደብዳቤ ፖስታ ላይ በተወሰደ ዘረ መል የተደረሰበት በ2005 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት 8 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ካሴቱ ባይላክ እንኳ ፖሊስ በእጁ የነበረውን ቃል ንቆ ነበር፤ ከሞት የተረፉት ሴቶች የሰውየውን መልክ ተናግረዋል። በ1975 በገጠር መንገድ ወደ ቤቷ ስትሄድ የተመታች የ14 ዓመት ልጅ ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት ከሰውየው ጋር እያወራች ረጅም መንገድ ተጉዛ ነበር። በቃሏ መሠረት የተሠራው ምስል ሳትክሊፍን በእጅጉ ይመስል ነበር። መርማሪዎቹ ግን ገዳዩ የሚያጠቃው ሴተኛ አዳሪዎችን ብቻ ነው ብለው ስለደመደሙ የልጅቱን ጉዳይ ከመዝገቡ ጋር አላገናኙትም። እርሱ ድርጊቱን ያመነው በ1992 ነው። ሎረንስ ባይፎርድ የመሩት የመንግሥት ማጣሪያ ይህን መሰል ጥፋት በ1981 መዝግቦ ነበር፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ የተለቀቀው ግን ከ25 ዓመት በኋላ ነው።

የመጻሕፍቱ አርእስት ራሱ የአመለካከቱን ለውጥ ያሳያል። ጎርደን በርን በ1984 ስለ ገዳዩና ቤተሰቡ የጻፈው ድንቅ መጽሐፍ «የአንዲት ሴት ባል፣ የአንዲት እናት ልጅ» እንደ ማለት ነው። ካሮል አን ሊ በ2019 ያሳተመችው ደግሞ «የአንድ ልጅ እናት፣ የአንድ ቤተሰብ ልጅ» የሚል መንፈስ ያለው ሲሆን፣ ስለ ሟቾቹና ስለ ተረፉት ሴቶች ሕይወት ይናገራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማንበብ ለሚሻ ሰው ሁለተኛውን እንመርጥለታለን፤ በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ቁጥር ሆነው የቀሩት ሴቶች እዚያ ስም፣ ሥራና ልጆች አሏቸው።

ሳትክሊፍ በኖቬምበር 2020 እስረኛ እንደሆነ ሞተ። የዌስት ዮርክሻየር ፖሊስ በምርመራው ወቅት ስለ ሟቾቹ ለተጠቀመበት ቋንቋ ቤተሰቦቻቸውን ይቅርታ የጠየቀው በዚያን ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ግድያ 45 ዓመት አልፎ ነበር።