የግሪጎር ሜንዴል የተማሪነት ዘመንና የባዮሎጂ ትምህርት መመዘኛ

የባዮሎጂ ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች በየመንፈቁ ፍጻሜ «ምን ያህል ተራመድን?» ብለን ራሳችንን መጠየቃችን የተለመደ ነው። መልሱንም አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው በፈተናው ውጤት ላይ ነው። ይህ መመዘኛ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመንና ምን እንደሚጎድለው ለመመርመር፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ የግሪጎር ሜንዴልን የተማሪነት ታሪክ መርጠናል። ሜንዴል የዘር ውርስን ሕግ ያገኘ ሊቅ መሆኑ በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል፤ በተፈጥሮ ታሪክ ፈተና የወደቀ ተማሪ መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜንዴል በ1822 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር በነበረች፣ ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ በምትገኝ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ጉልበቱ ስለ ደከመ የትምህርቱ ወጪ ለቤተሰቡ ከባድ ሆነ፤ ታናሽ እኅቱ ለጋብቻዋ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ስለ ሰጠችው ትምህርቱን ለመቀጠል ቻለ። በ1843 በብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባ። በ1849 ደግሞ በዝኖይሞ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተተኪ መምህር ሆኖ ተመደበ፤ ቋሚ መምህር ለመሆን ግን በቪየና የሚሰጠውን የመንግሥት ፈተና ማለፍ ነበረበት።

በ1850 ለዚሁ ፈተና ሲያመለክት ስለ ራሱ የጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ይህ ሰነድ አንድ ተማሪ የራሱን የትምህርት እርምጃ የመረመረበት ጽሑፍ ነው ለማለት ይቻላል። ሜንዴል ስለ ራሱ «እርሱ» እያለ በሩቅ ሰው አነጋገር ሲጽፍ፣ የተፈጥሮን ጥናት አጥብቆ እንደሚወድ፣ የጎደለውንም ዕውቀት መጻሕፍት በማንበብና የሥራ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ምክር በመጠየቅ ለመሙላት እንደ ጣረ ይገልጻል። ሆኖም ፈተናው አልተሳካለትም። በፊዚክስ የጻፈው ፈታኙን ባውምጋርትነርን ደስ ሲያሰኝ፣ በተፈጥሮ ታሪክ ያቀረበው ግን ለፈታኙ ለክኔር በቂ ሆኖ አልተገኘም። አጥቢ እንስሳትን በየወገናቸው እንዲመድብና ለሰው የሚሰጡትን ጥቅም እንዲያስረዳ ተጠይቆ፣ የሳይንሱን ስያሜ ትቶ በተራ አጠራር የተዘበራረቀ ዝርዝር ጻፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ፈታኞቹ ባዩት ነገር አልተሳሳቱም፤ ብቻውን ያነበበ ሰው የሥርዓት ዕውቀት ጎድሎት ነበር። ነገር ግን ባውምጋርትነር የገዳሙ አበምኔት ናፕ ይህን ሰው ወደ ዩኒቨርስቲ እንዲልኩት መከረ። ስለዚህ የፈተናው ውጤት በር የሚዘጋ ፍርድ መሆኑ ቀርቶ የጎደለውን የሚያመለክት ምርመራ ሆነ። ሜንዴል ከ1851 እስከ 1853 በቪየና ዩኒቨርስቲ ተማረ። ከዶፕለር የፊዚክስን የሙከራ ሥርዓት ቀሰመ፤ ነገሮች በስንት መንገድ ሊጣመሩ እንደሚችሉ ስለሚያሰላው ሒሳብ መጽሐፍ የጻፈው ኤቲንግስሃውሰንም ከመምህራኑ አንዱ ነበር፤ የዕፀዋት ሊቁ ኡንገር ደግሞ ተክልን በሴሎቹ በኩል መመልከትን አስተማረው።

ወደ ብርኖ ተመልሶ በትምህርት ቤት እያስተማረ ሳለ በገዳሙ አትክልት ቦታ የአተር ሙከራውን ጀመረ። በመጀመሪያ 34 የአተር ዓይነቶችን ለሁለት ዓመት ዘርቶ ጠባያቸው የማይለወጠውን መረመረና 22ቱን ለሥራው መረጠ። የአተር አበባ በተፈጥሮው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ፣ ወንዴው ክፍል ሳይበስል በወረንጦ እየነቀለ የሌላውን አበባ ብናኝ በእጁ ያኖርበት ነበር። ብጫ ፍሬ ያለውን ከአረንጓዴው ጋር ባዳቀለ ጊዜ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ብጫ ሆነ። ከእነዚህ ድቅሎች 258 ተክሎችን አብቅሎ በራሳቸው እንዲዳቀሉ ቢተዋቸው 8,023 ፍሬ ሰጡት፤ ከዚህም ውስጥ 6,022ቱ ብጫ፣ 2,001ዱ አረንጓዴ ነበሩ። ጠፋ የተባለው አረንጓዴ በአንድ ለሦስት መጠን ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከሜንዴል በፊትም ዕፀዋትን ያዳቀሉ ሰዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ሰባት ጠባዮችን አንድ በአንድ ለይቶ፣ ትውልዱን ሳያቀላቅል፣ እያንዳንዱን ፍሬ ቈጠረ።

ይህን ሥራ በጀመረበት በ1856 እንደ ገና ለፈተና ወደ ቪየና ሄዶ የመምህርነቱን ማስረጃ ሳያገኝ ተመለሰ። በ1868 አበምኔት ሆኖ እስኪመረጥ ድረስ ያስተማረው በተተኪ መምህርነት ነው። ጥናቱን በ1865 በብርኖ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ፊት በሁለት ስብሰባዎች አነበበ፤ በ1866ም ታተመ። ይሁን እንጂ በ1884 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የሥራውን ትርጕም የተረዳለት ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። በ1900 እነ ደ ፍሪስና ኮረንስ በራሳቸው ሙከራ ወደዚያው ውጤት ሲደርሱ ነው ስሙ የተነሣው።

ከዚህ ታሪክ «ፈተና ከንቱ ነው» የሚል ትምህርት ለማውጣት የሚፈልግ ቢኖር አንስማማም። ሜንዴልን ለታላቅ ሥራ ያበቃው መውደቁ አይደለም፤ ከወደቀ በኋላ ያገኘው የሁለት ዓመት ትምህርትና የራሱ ትዕግሥት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ፈተና የጠየቀው ስሞችን መደርደርን ስለ ነበር፣ ሰውየው ምን ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ እንደሚችል ሊለካ አልቻለም። እኛም ጥሩ ውጤት ስናገኝ ትምህርቱን እንደ ጨረስን፣ ዝቅተኛ ውጤት ስናገኝ ደግሞ ለሳይንስ እንዳልተፈጠርን አድርገን የምንቈጥር ከሆነ፣ ሁለቱም አስተሳሰብ ከዚሁ ጠባብ መለኪያ የሚመነጭ ነው።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየመንፈቁ መጨረሻ በላቦራቶሪ ደብተራችን ላይ ሦስት ነገሮችን ጽፈን እንመልስ፤ በዓይናችን አይተን በትክክለኛ ስሙ ልንገልጸው የምንችለው ፍጡር የትኛው ነው? በእጃችን የቈጠርነው ወይም የለካነው ነገር ምንድን ነው? ባለፈው መንፈቅ ልንጠይቀው የማንችል፣ ዛሬ ግን ልንጠይቀው የምንችል ጥያቄስ የትኛው ነው? መምህሮቻችንንም የፈተና ወረቀታችንን ሲመልሱ ከቍጥሩ አጠገብ የጎደለንን ነገር በአንድ መስመር እንዲያመለክቱን በትሕትና እንጠይቃለን። ባውምጋርትነር ለሜንዴል ያደረገው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።