ሊኑክስና ባለሙያ ያልሆነው ተጠቃሚ፤ የአንድ ማኅበረሰብ የአቀባበል ታሪክ

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ማስተዳደሪያ ሥርዓት ዛሬ ያልገባበት የሥራ ዘርፍ የለም ማለት ይቻላል። በፍጥነታቸው ቀዳሚ ተብለው በየስድስት ወሩ የሚመዘገቡት አምስት መቶ የዓለማችን ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ከኖቬምበር 2017 ወዲህ አንድም ሳይቀር የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዓትም አንኳሩ ይኸው ነው። ሆኖም በጸሐፊው፣ በመምህሩና በሒሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር ሲፈለግ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ነገሩ የዋጋ ጉዳይ ነው እንዳይባል፣ ሊኑክስን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ሊያባዛውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። ለፈቃድ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠቀምበት በተገባ ነበር።

ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች ውስጥ ዋነኛው ኮምፒዩተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ሌላ ሥርዓት ተጭኖባቸው መሸጣቸው መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከዚህ ያላነሰ ክብደት ያለው ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ሙያው ኮምፒዩተር ያልሆነ ሰው በነፃ የተሰጠውን ነገር ለመጠቀም ሞክሮ፣ መንገዱ ሲጠፋበት ርዳታ ቢጠይቅ የጠበቀው አቀባበል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መመሪያውን አንብብ» የሚል፣ ከስድብ ጋር የተላከ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ይህንን የጥቂት ቁጡ ሰዎች ጠባይ ያመጣው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የነገሩ ሥር ግን ሊኑክስ ከመፈጠሩ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ የተተከለ ነው። (ከዚህ በታችም ሆነ ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሊኑክስ አያት ዩኒክስ ነው። ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ ግዛት በመሪ ሂል በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ውስጥ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ተጀመረ። የላቦራቶሪው ባለቤት የነበረው ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የቴሌፎን ኩባንያ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት ባደረገው ስምምነት ከመገናኛ አገልግሎት ውጭ ባለ ንግድ እንዳይሰማራ ታግዶ ነበር። ስለሆነም ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ለገበያ ማቅረብ አልቻለም፤ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠይቁት ግን ከነምንጭ ኮዱ በጥቂት ክፍያ ይሰጣቸው ነበር። የሚሰጠውም እንዳለ ነው። ብልሽት ቢገኝ የሚጠግን፣ ጥያቄ ቢነሣ የሚመልስ ክፍል በኩባንያው ውስጥ አልተቋቋመም። ከዚህም የተነሣ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ መረዳዳት ግድ ሆነባቸው፤ በ1975ም የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ይህም በኋላ ዩዝኒክስ ተብሎ የታወቀው ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ከመጀመሪያው ሻጭ አልነበረም፤ ገዢም አልነበረም። የነበረው ጠጋኝ ብቻ ነው።

ይህ ሁኔታ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ በግልጽ ይታያል። የዩኒክስ መመሪያ የመጀመሪያ እትም የወጣው በኖቬምበር 1971 ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ በአጭሩ፣ አንዳንዴም በግማሽ ገጽ ይገለጣል፤ በመጨረሻም «ጉድለቶች» የሚል ርእስ ይከተላል። ደራሲው የሠራውን ፕሮግራም ነውር ሳይሸሽግ የሚዘረዝረው አንባቢው ደንበኛ ሳይሆን የሥራ ባልደረባው ስለሆነ ነው። (ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ነውሩ በተሸፈነለት ነበር።) ትእዛዞቹም በሁለት በሦስት ፊደል የተቋጠሩ ናቸው፤ የጊዜው የቴሌታይፕ መኪና ዝግተኛና ለጣት የሚከብድ ነበርና። አር.ኤም. የተባለችው ትእዛዝ ፋይል ስታጠፋ በተለምዶ «እርግጠኛ ነህን?» ብላ አትጠይቅም፤ ሥራዋን በደንብ ከፈጸመችም አንዲት ቃል አትናገርም። ይህ ዝምታ ለባለሙያው ጨዋነት ነው። ለጀማሪው ግን በጨለማ ቤት ውስጥ እንደ መደናበር ይሆንበታል።

ከዚያም ዕውቀቱ በደጅ ጥናት የሚገኝ ሀብት ሆነ። በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ላየንስ በ1970ዎቹ አጋማሽ የዩኒክስን ምንጭ ኮድ የሚያብራራ አንድምታ ለተማሪዎቹ አዘጋጀ። ኩባንያው በ1979 ባወጣው አዲስ ፈቃድ ኮዱን በክፍል ውስጥ ማስተማርን ሲከለክል ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ኖረ፤ በይፋ የታተመው በ1996 ነው። የኮፒው ኮፒ ፊደሉ እስኪደበዝዝ ድረስ በድብቅ ሲነበብ ያደገ ትውልድ፣ ዕውቀት የሚገኘው በድካም ነው፣ ያልደከመም አይገባውም ብሎ ቢያምን አያስደንቅም።

በ1984 ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. በፍርድ ሲከፋፈል የንግድ እገዳው ተነሣና ዩኒክስ የገበያ ሸቀጥ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በሴፕቴምበር 1983፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ዩኒክስን የሚመስል፣ ሆኖም ለማንም የተፈቀደ ሥርዓት ሊሠራ መነሣቱን አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። ስቶልማንን ለዚህ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ በላቦራቶሪው የነበረ የማተሚያ መሣሪያ ነው። ወረቀት እየያዘ ያስቸግር የነበረውን ይህን መሣሪያ ለማሻሻል ቢፈልግ ምንጭ ኮዱን ተከለከለ። ታሪኩ በብዙ ቦታ የሚነገር ነው፤ ልብ የማይባለው ግን በታሪኩ ውስጥ የተበደለው ሰው ራሱ መጠገን የሚችል ሰው መሆኑ ነው። እንቅስቃሴው ለተጠቃሚ ይገባሉ ብሎ የደነገጋቸው ነፃነቶች አራት ናቸው፦ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ መጠቀም፣ ማጥናትና መለወጥ፣ ማባዛት፣ የለወጡትንም ማሠራጨት። ከእነዚህ ሁለቱ ምንጭ ኮድ ማንበብ ለማይችል ሰው የሚደርሱት በሌላ ሰው እጅ በኩል ብቻ ነው። ዓላማው ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ነፃ የሚወጣው ሰው በዓይነ ኅሊና ሲታይ ሁልጊዜ ፕሮግራመር ነበር።

የሃያ አንድ ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በኦገስት 25 ቀን 1991 ስለ ጀመረው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስታውቅ ሥራው ለራሱ ደስታ የሚሠራው እንጂ እንደ ግኑ ትልቅ እንደማይሆን ገልጾ፣ አንባቢዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀ። የጠየቃቸው ሰዎች ሚኒክስ የተባለውን የማስተማሪያ ሥርዓት የሚጠቀሙ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ነበሩ፤ እነርሱም የፈለጉትን ነገሩት፤ አያሌዎቹም ኮድ ጽፈው ላኩለት። በ1992 በግኑ የፈቃድ ውል ሥር ገባ፤ በማርች 1994 አንደኛው ሙሉ እትም ወጣ። ሊኑክስን ያሳደገው ይህ ልማድ ነው፤ የጎደለውን ያየ ሰው የጎደለውን ሠርቶ ያመጣል። መሥራት የማይችል ሰው የጎደለውን ቢናገር ግን ንግግሩ በምን ሚዛን እንደሚታይ አልተወሰነም ነበር።

በዚያን ጊዜ ሊኑክስን በኮምፒዩተር ላይ መጫን ራሱ ፈተና ነበር። በ1993 የወጣው ስላክዌር የተባለው ጥንቅር በብዙ ዲስኬቶች ይገለበጥ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ከተበላሸ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። በሥዕላዊ መስኮት ለመሥራት የሚሻ ሰው የሞኒተሩን የድግግሞሽ ቁጥሮች ፈልጎ በራሱ እጅ ፋይል ላይ መጻፍ ነበረበት፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ሞኒተሩ ሊበላሽ እንደሚችል መመሪያው ያስጠነቅቅ ነበር። ይህን ያለፈ ሰው በሥራው ቢኮራ አይፈረድበትም፤ ጉዳቱ የመጣው መከራው የሌላው ሰው መለኪያ ሲሆን ነው።

መለኪያው በግልጽ የወጣው ደግሞ እንግዳው ሲበዛ ነው። ዩዝኔት በተባለው የመልእክት መለዋወጫ መረብ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት በሴፕቴምበር ሲከፈት አዲስ ተማሪዎች ይገቡና የቤቱን ሥርዓት ሳያውቁ ይጠይቁ፣ ይረብሹም ነበር። ነባሮቹ በጥቂት ሳምንታት ሥርዓት ያስይዟቸዋል። በ1993ና በ1994 ግን የንግድ ድርጅቶች መረቡን ለደንበኞቻቸው ሁሉ ሲከፍቱ እንግዳው በየቀኑ የሚጎርፍ ሆነ። ነባሮቹ ይህን ዘመን «የማያልቀው ሴፕቴምበር» ብለው ሰየሙት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ለእነርሱ ግን መስከረሙ ጠብቶ አላበቃም።

እዚህ ላይ የመላሹን ወገን ድካም አለማየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መላሹ ደመወዝ የለውም። የሚመልሰው ከመደበኛ ሥራው በኋላ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ ነው፤ የሚቀርብለትም ያው መቶ ጊዜ የተመለሰ ጥያቄ ነው። የማኅበረሰቡ ሕግ በአገራችን ገበሬ ዘንድ ካለው ወንፈል ጋር ይመሳሰላል፤ ዛሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ በእኔ ማሳ። በወንፈል ማጭድ ያልያዘ ሰው መጥቶ እህሉን ብቻ ቢጠይቅ ፊት ቢነሡት አይገርምም። ኤሪክ ሬይመንድና ሪክ ሞኤን በ2001 ያወጡት፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስተምር ታዋቂ ጽሑፍ መንፈሱ ይኸው ነው፤ ጠያቂው አስቀድሞ እንዲፈልግ፣ እንዲያነብ፣ የሞከረውን እንዲዘረዝር ያዝዛል፤ ሻካራ መልስ ቢደርሰውም እንዳይቀየም ይመክራል። ምክሩ ለፕሮግራመር መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ምን ብሎ እንደሚፈልግ የነገሩን ስም የማያውቅ ሰው ከየት ይጀምር? ገበሬው አካለ ስንኩሉንና አሮጊቷን ወንፈል አልመለሳችሁም ብሎ ከአውድማው አያባርርም። የሊኑክስ ወንፈል ግን ለእንዲህ ያለው ጎረቤት የደነገገው ነገር አልነበረውም።

ከዚህ የተነሣ የደረሰው ጉዳት በጀማሪው ላይ ብቻ አልቀረም። በ2006 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የወጣ ጥናት ከነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች መካከል ሴቶች 1.5 ከመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳየ፤ በሌላው የሶፍትዌር ሙያ ያሉት ሴቶች ቁጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሙያው ያላቸው ሴቶች እንኳ በር ላይ ከተመለሱ ሙያው የሌለው ሰው ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም። በ1998 የተቋቋመው ሊኑክስቺክስ የተባለው የሴቶች ማኅበር ደንቡን በሁለት ቃል ወስኖት ነበር፦ ትሑት ሁን፤ ርዳ። እንዲህ ያለው ነገር በደንብ መጻፍ ማስፈለጉ የጊዜውን ሁኔታ ይናገራል።

ሥራውም ራሱ ተጎድቷል። ሳይናገር የሄደ ተጠቃሚ የጉድለቱን ዜና ይዞት ይሄዳል። በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ግኖም የተባለውን የሊኑክስ ሥዕላዊ ገጽ ጥቂት ተራ ሰዎች ሲጠቀሙበት አስቀምጦ በተመለከተ ጊዜ፣ ለሠሪዎቹ ግልጽ የነበሩት ስሞችና ቃላት ሰዎቹን እንዳደናገሯቸው ታየ። ለዓመታት «መመሪያውን አንብብ» ሲባሉ ከነበሩት ብዙዎች የነገሩት ይህንኑ ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

መቀበልን እንደ ሥራ የያዙ ሰዎች በተገኙበት ቦታ ሁኔታው የተለየ ሆነ። በስፔን ከድሆቹ ክፍለ አገሮች አንዷ የሆነችው ኤክስትሬማዱራ በ2002 ሊንኤክስ የተባለ የራሷን የሊኑክስ ጥንቅር አወጣች። የፕሮግራሞቹን ስም በክፍለ አገሩ ባለቅኔዎችና ሠዓሊዎች ስም ተካች፤ ሲዲውን ከጋዜጣ ጋር አደለች፤ በትምህርት ቤቶች ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር አቀረበች፤ በየመንደሩም አስተማሪ ያለበት ማዕከል ከፈተች። ከዚህ ሁሉ ብልጫ ያለው የመጨረሻው ይመስላል፤ የመንደሩ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው ደመወዝ ተከፍሎት ለተቀመጠ ሰው ነበርና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2004፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ድርጅት ኡቡንቱን አወጣ። ስሙ ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደና ሰብአዊነትን የሚያመለክት ነው። እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ ነበር፤ የኢንተርኔት መስመር ደካማ በሆነባቸው አገሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሲዲው የሚበልጠው ግን የሥነ ምግባር ደንብ ከመጀመሪያው ማውጣቱና ጀማሪን ማክበር የአባልነት ግዴታ ማድረጉ ነው።

የሙኒክ ከተማ ታሪክ ግን ወዲያና ወዲህ የሚጎትት ነው። ምክር ቤቱ በ2003 ጽሕፈት ቤቶቹን ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ወስኖ በ2013 አሥራ አምስት ሺህ ያህል ኮምፒዩተሮችን አዛወረ፤ በ2017 ደግሞ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። የሠራተኞች ቅሬታና የፖለቲካ ፍላጎት ሁለቱም አሉበት። በ2016 የቀረበው የአማካሪዎች ጥናት ግን ከሥርዓቱ ይልቅ የከተማውን የኮምፒዩተር አገልግሎት አደረጃጀት ወቅሷል። ጸሐፊው ማተሚያው እምቢ ሲለው የሚደውልለት ሰው በቅርብ ካላገኘ የሚረግመው ሊኑክስን ነው።

በአንኳሩ ሠሪዎች ዘንድ ለውጡ ዘግይቶ መጣ። ቶርቫልድስ የሥራ ጓዶቹን በጽሑፍ ሲያዋርድ ለዓመታት የታወቀ ነበር፤ ይህንንም የጥራት መጠበቂያ አድርገው የተከላከሉለት ብዙዎች ናቸው። በሴፕቴምበር 2018 ስለ ጠባዩ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል አለ፤ በዚያው ሰሞን ማኅበረሰቡ አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ደንቡ የሚመለከተው ኮድ የሚጽፉትን ነው። ሆኖም የበላዩ አነጋገር እስከ በሩ ድረስ የሚወርድ ነገር ነው።

አርች የተባለው፣ በ2002 የተመሠረተው ጥንቅር ግን በቀድሞው መንገድ ጸንቶ ቆይቷል፤ ራሱ ለመሥራትና ለማንበብ ለተዘጋጀ ሰው የቀረበ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ይህ ግልጽነቱም ከማታለል ይሻላል። በኤፕሪል 2021 ተጠቃሚውን በጥያቄና መልስ እየመራ የሚጭን ፕሮግራም በመጫኛው ውስጥ ታከለ። ዋናው የአጫጫን መመሪያ ግን አሁንም ትእዛዞቹን አንድ በአንድ በእጅ መጻፍን የሚያስተምረው ነው።