ዱብ ዕዳ ያልነበረው ሞት

ዛሬ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልብ ጤና በአንድ ታሪክ እናውጋ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1945 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በተባለ ቦታ ሥዕላቸው እየተሣለ ሳለ ጭንቅላታቸውን ከኋላ በኩል ክፉኛ አመማቸውና ራሳቸውን ሳቱ። የደም ግፊታቸው ሲለካ 300 በ190 ነበር። በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው አረፉ። የገደላቸው ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ ማለትም ስትሮክ ነው።

ለሕዝቡ ዱብ ዕዳ ነበር። ለበሽታው ግን አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ በማርች 1944፣ የልብ ሐኪሙ ዶክተር ሃዋርድ ብሩን ሲመረምሯቸው ግፊታቸው 186 በ108 ደርሶ፣ ልባቸውም ሰፍቶና ደክሞ ነበር።

ታዲያ ለምን አልዳኑም? ለልብ ድካሙ መድኃኒት፣ ጨው መቀነስና ዕረፍት ታዞላቸው ነበር። ግፊቱን በሚገባ የሚያወርድ ክኒን ግን ገና አልተገኘም። ብዙ ሐኪሞችም ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩን እንደ ተፈጥሮ ይቆጥሩት ነበር።

ይህን አስተሳሰብ የቀየረው በ1948 ማሳቹሴትስ ውስጥ በፍራሚንግሃም ከተማ የተጀመረው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 62 የሆኑ 5,209 ነዋሪዎች በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ለብዙ ዓመታት ተከታተሏቸው። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ማን ይታመማል? ማንስ ጤነኛ ሆኖ ይቆያል? መልሱ ግልጽ ሆኖ መጣ። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የልብ በሽታን አስቀድመው የሚጠሩ ናቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። "ምንም አያመኝም፣ ለምን እለካለሁ?" ይሉ ይሆናል። የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ስለዚህ፦

✅ ደህና ነኝ ቢሉም ይለኩ። በተደጋጋሚ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።
✅ የታዘዘልዎትን ክኒን "ተሻለኝ" ብለው አያቋርጡ።
✅ ጨው ይቀንሱ፣ ሲጋራ ያቁሙ፣ በእግርዎ ይሂዱ።
🚨 ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል!

በዘመናቸው ከዓለም ኃያላን አንዱ የነበሩት ሰው ያላገኙት ክኒን ዛሬ በጤና ጣቢያ ሳይቀር ይታዘዛል። እርስዎ መጀመሪያ ቁጥርዎን ይወቁ።

መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት? ለእናትና ለአባትዎም ያጋሩላቸው። ጤና ይብዛልዎት!