ዋጋ ያስወደደው ደብዳቤ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ላውጋችሁ።

«ዶን ኪሆቴ»ን የጻፈው ስፔናዊው ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ በ1575 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከወንድሙ ከሮድሪጎ ጋር በመርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ የአልጀርስ የባሕር ወንበዴዎች ያዟቸው። ሚጌል የንጉሡ የአባት ልጅ ወንድም ዶን ኹዋን የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ ነበር። ሹመት ያስገኝልኛል ያለው ወረቀት ጉድ ሠራው! የያዙት ሰዎች «ይሄማ ትልቅ ሰው ነው» ብለው ዋጋውን ሰቀሉት።

ቤተሰቡ ግን ድሃ ነው። እናቱ ባሏ በሕይወት እያለ «ባሌ ሞቶብኛል» ብላ ለመንግሥት እስከ ማመልከት ደረሰች። በ1577 የተገኘው ገንዘብ የበቃው ሮድሪጎን ለማስለቀቅ ብቻ ነው። ሚጌል አራቴ ሊያመልጥ ሞክሮ አልሆነለትም። በ1580 የሥላሴ ማኅበር መነኮሳት 500 የወርቅ ኤስኩዶ ከፍለው ሲያስለቅቁት፣ ወደ ቁስጥንጥንያ ሊወስዱት መርከብ ላይ ጭነውት ነበር።

በወዲያኛው ወገንም ያው ነው፤ በስፔንና በማልታ መርከቦች ሙስሊም ምርኮኞች በሰንሰለት ታስረው ይቀዝፉ ነበር።

የምርኮኛ ዋጋ የሚተመነው «ቤተሰቡ ምን ያህል ያመጣል?» ተብሎ ነው። ዛሬም ከዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ከሊቢያ፣ ተደውሎ «ልጅሽን ከፈለግሽ ብር ላኪ» የተባለች እናት ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።