«ለገመ» ስንለው የኖርነው

ተማሪዎቼ እንደምታስታውሱት፣ ታሪክ ሳስተምር ከነገሥታቱ ይልቅ ስለ ባቡርና ስለ ጋሪ ማውራት ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም የማወራችሁ ስለ ጋሪ ፈረስ ነው።

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ሞጆ ከመንገዱ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከጣቢያ ገበያ፣ ከገበያ ቤት ሰውና እህል የሚያደርሰው ግን ጋሪ ነበር። እኔም ያደግሁት በጋሪ ገንዘብ ነው።

የአባቴ ፈረስ ዳማ ይባላል። ሲያረጅ ጠዋት ጠዋት እግሩ ድርቅ ይላል፤ ትንሽ ከሄደ በኋላ ይፍታታል። ያየው ሁሉ «ለግሞ ነው እንጂ፣ ቢያመው ኖሮ ሲሄድ ይሻለው ነበር?» ይላል። ስለዚህ ጅራፍ። ጉልበቱ ሲያብጥ ደግሞ በጋለ ብረት ተተኮሰ። በመጨረሻ አባቴ ከከተማ አውጥቶ ለቀቀው። በማግስቱ ያየሁት ከጅብ የተረፈውን ነው።

አባቴን አልወቅስም። እንግሊዞችም የፈረስ እግር ይተኩሱ ነበር፤ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መተኮስ የተጎዳ ጅማትን እንደማያድን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ለዳማ ሁሉም ዘግይቷል።

ያኔ ያላወቅነው ይህን ነው፦ ከእረፍት ሲነሱ ድርቅ ማለት፣ ሲሄዱ መፍታታት የአርትራይተስ ዋና ምልክት ነው። የልግም ማስረጃ ያልነው የበሽታው ማስረጃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደረቅ ወደቡ መጣ፤ ኮንቴይነርና ከባድ መኪና በዛ፣ ጋሪውንም ባጃጅ እየተካው ሄደ። ቃሉ ግን አለ። በቅርቡ ወደቡ አካባቢ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይሄ ውሻ ለገመብኝ» አለኝ። ውሻው አርጅቷል፣ ከምግብ ቤት በሚመጣ ትርፍራፊ ወፍሯል፣ የሚተኛው ሲሚንቶ ላይ ነው። ሲነሳ የኋላ እግሩን ይጎትታል።

ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። በክብደቱ ልክ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ምግቡ ተቀነሰ፣ ካርቶንና ጆንያ ተነጠፈለት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ አጭር አጭር መንገድ ይሄዳል። ያለቀ መገጣጠሚያ አይታደስም፤ ሕመሙ ግን ቀንሶለታል።

አደራ፣ የራሳችሁን ኪኒን እንዳትሰጡ! ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ቤታችሁ «ለገመ» የምትሉት ውሻ ወይም ፈረስ ካለ፣ ነገ ጠዋት ሲነሳ ቆም ብላችሁ እዩት።